ያውቁ ኖሯል? አዲስ ሲስተም በአሮጌ ላፕቶፕ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ላፕቶፑ ግን በዚያ ቀን አልሞተም፤ ይከፈታል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። የቀረበት ነገር ቢኖር አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፈንበት ማሻሻያ ነው። ለተራዘመው ማሻሻያ የተመዘገቡ ግለሰቦች የአንድ ዓመት ጭማሪ አግኝተዋል።

የኢንቴል ፕሮሰሰር ትውልድ ከስሙ ላይ ይነበባል። አይ5-6300ዩ 6ኛ ትውልድ ነው፤ አይ5-8250ዩ ደግሞ 8ኛ። ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዙ ከሆነ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ይህችን ቁጥር ይዩ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ነውና።

ከ7ኛው ትውልድም ያለፉ ጥቂቶች አሉ። አንደኛው አይ7-7820ኤችኪው ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ራሱ ያመረተው ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 የሚሠራው በዚሁ ፕሮሰሰር ነው! በሌላ በኩል 16 ጊጋ ራም ያለው ጠንካራ የ6ኛ ትውልድ ላፕቶፕ በር ላይ ሲመለስ፣ 4 ጊጋ ራም ብቻ ያለው ዝግተኛ ሴለሮን ኤን4020 ይገባል። መስፈርቱ ደህንነትን ለማጠናከር እንደወጣ ይነገራል፤ ያም ሆኖ ደህና ማሽን ለቆሻሻ የሚዳርግ አሠራር ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

ዊንዶውስ 11 የሚፈልገውን የደህንነት ቺፕ በተመለከተ «ቲፒኤም 2.0 የለም» የሚለው መልእክት ሁልጊዜ ቺፑ የለም ማለት እንዳልሆነስ? ብዙ ጊዜ ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ነው። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ያገኙታል። ባዮሱን ከመነካካትዎ በፊት ግን ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ። ከተቆለፈ ባለ48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር አስቀድመው ይያዙ፤ ያለ እሱ ፋይልዎ ሁሉ እንደተቆለፈ ሊቀር ይችላል።

መስፈርቱን ዘለው ዊንዶውስ 11 የሚጭኑ ሰዎች ብዙ ናቸው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ስሪት፣ 24ኤች2፣ ፖፕካውንት የተባለውን የፕሮሰሰር ትእዛዝ የግድ ይፈልጋል። እንደ ኮር 2 ዱዎ ያሉት አሮጌ ፕሮሰሰሮች ይህ ትእዛዝ ስለሌላቸው ሲስተሙ ጭራሽ አይነሳም፤ በዘዴ የሚታለፍም አይደለም።

ላፕቶፕዎ የሚንቀራፈፈው በፕሮሰሰሩ ድክመት ላይሆን ይችላል። የብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል። አንድ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ጭንቅላት ሥር እስኪደርስ በአማካይ 5.5 ሚሊ ሰከንድ ያህል መጠበቅ ግድ ነው። ጭንቅላቱ ወደ ትክክለኛው መስመር የሚጓዝበት ጊዜም አለ። አዲስ ሲስተም ደግሞ ገና ሲነሳ በዲስኩ ላይ ተበታትነው የተቀመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ይጠራል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ ይህ ሁሉ ጥበቃ ይቀርለታል። ለአሮጌ ላፕቶፕ ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ይግዙለት፤ ቀጥሎ ራም።

ራም ሲጨምሩ ሲስተሙ ባለ32 ቢት መሆን አለመሆኑን ይዩ፤ ባለ32 ቢት አድራሻ 4,294,967,296 ባይት፣ ማለትም 4 ጊጋ ላይ ያበቃል። ዊንዶውስ 11 ባለ32 ቢት ቅጂ ከናካቴው የለውም። ሊኑክስ ከሚባለው ሲስተም ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱም ባለ32 ቢቱን የዴስክቶፕ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2017 ተሰናብቷል።

ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን የጻፈው በኢንቴል 386 ፕሮሰሰር በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ሊኑክስ ራሱ 386ን መደገፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ከ20 ዓመት በላይ ተሸክሞታል ማለት ነው! ዛሬም ሉቡንቱና ዙቡንቱ ከዋናው ኡቡንቱ ያነሰ ራም ይበቃቸዋል። ፐፒ ሊኑክስ ከነጭራሹ ራም ላይ ተጭኖ ይሠራል።

ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል ፎንት ይዞ አልመጣም፤ አማርኛ ለማንበብ ፎንት ለብቻው መጫን ነበረበት። «ኒያላ» የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ሲመጣ ነው ፊደላችን ከሲስተሙ ጋር አብሮ መጫን የጀመረው። ስለዚህ ለእኛ ሲስተም መቀየር የፍጥነትና የደህንነት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ለአሮጌ ላፕቶፕ የሚሆን ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ የተባለ የጎግል ሲስተምም በነፃ ይገኛል። የአንድሮይድ አፕ ግን አይጭኑበትም።

አብዛኞቹን የሊኑክስ ዓይነቶች ምንም ሳይጭኑ ከፍላሽ ላይ አስነስተው መሞከር እንደሚችሉስ ያውቁ ኖሯል? ሃርድ ዲስክዎ ላይ ያለው ፋይል አይነካም። በዚህ ሙከራ መጀመሪያ ዋይፋዩን፣ ከዚያ ድምፁን፣ በመጨረሻም ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ላፕቶፑ መንቃቱን ይፈትሹ። በተለይ የብሮድኮም ዋይፋይ ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች ድራይቨር ለብቻው ሊጠይቁ ስለሚችሉ፣ ለዚያን ጊዜ የኔትወርክ ኬብል ወይም ኢንተርኔት በዩኤስቢ የሚያጋራ ስልክ አጠገብዎ ይኑር።