ስምን መጠበቅ ቤትን መጠበቅ ነው

በቀደመው ዘመን የቤት ጌታ ማታ ሲሆን ከብቱን ወደ በረት ያስገባል፤ በሩን በመወርወሪያ ይዘጋል፤ ማኅተም ያለው ሰው እንደ ሆነም ማኅተሙን በሣጥን ቈልፎ ያኖራል። ማኅተሙ የቃሉ ምትክ ስለ ሆነ፥ እርሱን የያዘ ሌላ ሰው በስሙ ሊዋዋል፥ በስሙም ሊበደር ይችል ነበርና። ከብት ቢሰረቅ ዱካው ይፈለጋል፤ ስም ግን ሲሰረቅ ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ አበዳሪው ከደጁ ሲቆም ነው።

ውድ አንባቢዎቻችን፥ ማኅተሙ ዛሬ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። የስልክ ቍጥራችን፥ የምሥጢር ቍጥራችን፥ የመታወቂያችንና የፓስፖርታችን ቅጂ የዚህ ዘመን ማኅተም ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤም-ፔሳ በአገራችን ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፥ ብዙ ቤተ ሰብ የጓዳውን ገንዘብ በስልክ ውስጥ ያኖራል። ስለዚህ ሌባው አጥር መዝለል አያስፈልገውም፤ ባለቤቱን መስሎ መቅረብ ይበቃዋል።

ሌባው በምን በኩል ይገባል?

አንዲት እናት እናስብ። ልጃቸው በዐረብ አገር ትሠራለች፤ ወር በገባ ቍጥር ለእናትዋ ገንዘብ ትልካለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልካቸው ይጮኻል። «እናቴ፥ እንደምን ዋሉ? የምንደውልልዎ ከስልክ መሥሪያ ቤት ነው። ከውጭ የመጣልዎ ገንዘብ ታግዷል፤ አሁን በስልክዎ የሚደርስዎን ቍጥር ቢያነቡልኝ ወዲያው እናስለቅቅልዎታለን» ይላል አንድ ትሑት ድምፅ። እኚህ እናት መነጽራቸውን ፈልገው ቍጥሩን አንድ በአንድ ያነቡለታል፤ መርቀውትም ስልኩን ይዘጋሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሌባው የእኚህን እናት የስልክ ቍጥር አስቀድሞ ያውቃል፤ ያንንም ቍጥር በገዛ ስልኩ ላይ በቴሌግራም ወይም በሌላ አገልግሎት ይጽፈዋል። አገልግሎቱም የሚገባው ሰው በእውነት ባለቤቱ መሆኑን ለማረጋገጥ አጭር የማለፊያ ቍጥር ወደ እናቲቱ ስልክ ይልካል። ያ ቍጥር የደጁ ቍልፍ ነው። ለማንም እንዳይሰጥ የሚያስጠነቅቅ ቃል ብዙ ጊዜ በመልእክቱ ላይ ይጻፋል፤ ነገር ግን ሌባው እያጣደፈ የማንበቢያ ጊዜ ይነሣል።

ጉዳቱም በአንድ ሰው አይቆምም። ሌባው በእናቲቱ ስምና ፎቶግራፍ ለእኅታቸው፥ ለክርስትና ልጃቸው፥ ለማኅበርተኞቻቸው ሁሉ «ሆስፒታል ገብቻለሁ፤ ነገ የምመልሰው ጥቂት ገንዘብ ላኩልኝ» እያለ ይጽፋል። እነዚያም የሚልኩት እርሳቸውን አምነው ነው። በአርባ ዓመት ጉርብትና፥ በዕድርና በጽዋ የተከማቸው መታመን በአንድ ከሰዓት ይመነዘራል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የሰውን ድምፅ ከአጭር ቅጂ ወስዶ አስመስሎ የሚናገር መሣሪያ ስለ ተገኘ፥ «ድምፁን ለይቼዋለሁ» ማለት ብቻውን የሚበቃ ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል።

ስለ መታወቂያና ስለ ወረቀት

የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ለተመዝጋቢው ባለ 12 አኃዝ ልዩ ቍጥር ይሰጣል፤ በምዝገባውም ጊዜ የዐሥሩ ጣቶች አሻራ፥ የዐይን ብሌንና የፊት ፎቶግራፍ ይወሰዳል። ይህ ለሥራ ታላቅ ማቃለያ ነው፤ ጥንቃቄንም ይጠይቃል። የምሥጢር ቍጥር ቢሰረቅ በሌላ ይለወጣል፤ ጣትንና ዐይንን ግን ማን ይለውጣል? ስለዚህ ምዝገባ በታወቀ ጣቢያ ብቻ ይፈጸም፤ ቤት ለቤት እየዞረ «አሻራችሁን ልውሰድ» የሚል ሰው ከየት እንደ መጣ ሳይጣራ እጅ አይሰጠው።

የመታወቂያ ቅጂ የምትሰጡ እንደ ሆነ በቅጂው ላይ ለምን ጉዳይና በምን ቀን እንደ ተሰጠ በእስክርቢቶ ጻፉበት፤ ለአንድ ጉዳይ የተሰጠው ለሌላ ለመዋል ይከብደዋል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ ሰነዱን በስልክ የላካችሁ እንደ ሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ከኮምፒዩተሩ አስጠፉት፤ ተበላሽቶ የተጣለውንም ወረቀት ቀዳችሁ ውሰዱት። ባለፉት ዓመታት ለዲቪ ዕጣ በሌላ ሰው እጅ ከተመዘገቡት መካከል፥ ቅጹን የሞላላቸው ሰው የማረጋገጫ ቍጥራቸውን በእጁ አስቀርቶ ዕጣው ሲወጣ ብዙ ገንዘብ የጠየቃቸው ነበሩ። በስማችሁ የተመዘገበ ሲም ካርድም ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ በዚያ ቍጥር ክፉ ሥራ ቢሠራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙ የተጻፈው ሰው ነውና።

ስለ ልጆቻችን

ልጅ ክርስትና ሲነሣ ቤት በደስታ ይሞላል፤ ወላጆችም ደስታቸውን ለወዳጅ ለማካፈል ፎቶግራፉን በፌስቡክ ያወጣሉ። በአገራችን የሰው ሙሉ ስም ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር ነው። እንግዲህ የሕፃኑን ስም፥ የተወለደበትን ቀንና የእናቱን ስም በአንድነት ለዓለም የገለጠ ወላጅ፥ በማመልከቻ ቅጽ ላይ ከሚጠየቀው ብዙውን አስቀድሞ ሞልቶ ሰጥቷል። የክርስትና ስሙም በቤተ ሰቡና በንስሓ አባቱ ዘንድ መታወቁ ይበቃዋል። ከፍ ያለውን ልጅ በትምህርት ቤት የደንብ ልብሱ ያወጣችሁ እንደ ሆነም፥ በየቀኑ የት እንደሚገኝ ለማታውቁት ሰው ነግራችኋል። የልጃቸውን የልደት ዓመት ወይም የክርስትና ስም የምሥጢር ቃል ያደረጉ ወላጆችም ዛሬውኑ ይለውጡት።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን

በአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ ቍጥር እ.ኤ.አ. በ1936 መሰጠት ሲጀምር ዓላማው የሠራተኛውን ደመወዝ መመዝገብ ነበር፤ ዛሬ ግን ለባንክ፥ ለብድርና ለግብር ሁሉ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢኩፋክስ ከተባለው የብድር መዝገብ ድርጅት የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተሰርቋል። በዚያ አገር ለተወለደ ሕፃን አደጋው ይብሳል። ሕፃን አይበደርምና መዝገቡን የሚመረምር የለም፤ በቍጥሩ ሌላ ሰው ሲበደርበት ቢኖር፥ ልጁ የሚያውቀው አድጎ ለትምህርቱ ብድር በጠየቀ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ ግን ቅርብ ነው። ከመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሦስቱ ታላላቅ የብድር መዝገብ ድርጅቶች፥ በኢኩፋክስ፥ በኤክስፔሪያንና በትራንስዩኒየን ዘንድ፥ አዲስ ብድር በስም እንዳይከፈት መዝገብን ማሳገድ ያለ ክፍያ ይፈጸማል። ወላጆችም ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆቻቸው ማሳገድ ይችላሉ።

በቤተ ክርስቲያን ስም የሚመጣ ማታለል

አማኝ ቤተ ሰብ እጁ ለምጽዋት የተዘረጋ መሆኑን ሌባም ያውቃል። ስለዚህ የታወቁ አባቶችን ስምና ፎቶግራፍ ወስዶ የሐሰት ገጽ ይከፍታል፤ ለገዳም ማሠሪያ፥ ለሕሙም ሕፃን ማሳከሚያ እያለ ይለምናል። ምጽዋትን አናቋርጥ፤ መንገዱን ግን እንመርምር። ለገዳሙ ወይም ለደብሩ ጽሕፈት ቤት በታወቀው ስልክ መደወል፥ የሂሳብ ቍጥሩም በግለ ሰብ ስም ነው ወይስ በገዳሙ ስም ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። እውነተኛ አባት በመጠየቁ አይቀየምም።

ሕጉ ምን ይላል?

የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 958/2008 የሌላውን ሰው ማንነት በኤሌክትሮኒክ መንገድ መስረቅን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስቡ ድርጅቶች ለምን እንደሚሰበስቡት እንዲያስታውቁና እንዲጠብቁት ያስገድዳል፤ የሚቈጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እንግዲህ «ይህን ስለ ምን ትጠይቁኛላችሁ?» ማለት ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው።

የቤት ሥርዐት

እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ማታ ከራት በኋላ ተሰብስቦ ይህን ሥርዐት ቢያጸና መልካም ነው።

1ኛ. በስልክ የመጣ የማለፊያ ቍጥር ለባንክ ሠራተኛም፥ ለዘመድም፥ ለማንም አይነበብም።

2ኛ. ገንዘብ ላክ የሚል መልእክት የመጣ እንደ ሆነ፥ ስልኩ ተዘግቶ ለሰውየው በቀድሞው ቍጥሩ ይደወል። የቤተ ሰቡ አባላት ብቻ የሚያውቁት አንድ የመለያ ቃል ይኑር፤ ቃሉም በስልክ አይጻፍ።

3ኛ. በቴሌግራምና በመሰሎቹ ላይ ሁለተኛ የምሥጢር ቃል ይጨመር፤ የማለፊያው ቍጥር ቢሰረቅ እንኳ ሁለተኛው በር ይዘጋልና።

4ኛ. የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፥ ፓስፖርትና የፋይዳ ቍጥር በአንድ ሣጥን ተቈልፎ ይቀመጥ።

5ኛ. ስርቆቱ የተፈጸመ እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር ለባንኩና ለስልክ ድርጅቱ ይነገር፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በ994 መደወል ይችላል። ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ይነገር፤ የመጣው መልእክት ሳይጠፋ ለፖሊስ ይቅረብ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። እነዚያ እናት የተታለሉ መሆናቸውን ያወቁት በዚያው ምሽት ነበር እንበል። ነገር ግን «ምን ይሉኛል? ልጆቼ እንዴት እንዲህ ትሆኛለሽ ብለው ይቈጡኛል» ብለው ሦስት ቀን ሸሸጉት። እኅታቸው ገንዘቡን የላኩት በሁለተኛው ቀን ነው። ሌባው በእነዚያ ሦስት ቀናት የተጠቀመው በእናቲቱ ዕፍረት ነው፤ ዕፍረቱንም የፈጠረው የቤቱ ቍጣ ነው።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ አባትና እናታችሁ በስልክ ነገር ሲጠይቁአችሁ አትሰልቹ፤ ቢሳሳቱም አትገሥጹአቸው። «እማዬ፥ ደግ አደረግሽ ቶሎ ነገርሽን» የሚል ቃል በሚሰማበት ቤት ሌባ ብዙ ጊዜ አያገኝም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላልና፥ ወላጆቻችን ያወረሱንን ስም እኛም ለልጆቻችን ንጹሕ አድርገን እናስረክብ።