ቀድሞ ማመልከት ወይስ በመደበኛው ጊዜ?

(ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ስለ ማመልከት በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

ልጁን አስተምሮ ለቁም ነገር ማድረስ የማይመኝ ወላጅ የለም። ከዚሁ ምኞት የተነሣ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች፥ ልጆቻቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሊጨርሱ ሲቃረቡ፥ በዩናይትድ ስቴትስ ወደሚገኙት ስመ ጥር ኮሌጆች ማመልከቻ ሲያሰናዱላቸው ይታያሉ። በዚያው አገር ልጆች የሚያሳድጉ ዘመዶቻችንም በየዓመቱ ይኸው ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ጥያቄውም ማመልከቻውን ከሰው ቀድሞ ማቅረብ ይሻላልን? ወይስ መደበኛውን ጊዜ መጠበቅ? የሚል ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የቀን ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የቃል ኪዳንና የገንዘብ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

አስቀድመን ቀኖቹን እናስታውቅ። መደበኛው ማመልከቻ ከብዙ አመልካቾች ጥቂቱን ብቻ መርጠው በሚቀበሉት ኮሌጆች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በአውሮፓ አቆጣጠር በጃንዋሪ መጀመሪያ፥ ማለት በእኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን ጀምሮ ባሉት ቀኖች ነው። መልሱ በመጋቢት አጋማሽና ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ተማሪውም ከተቀበሉት መካከል አንዱን መርጦ እስከ ሜይ 1፥ ማለት እስከ ሚያዝያ 23 ቀን ድረስ ያስታውቃል። ቀዳሚው ማመልከቻ ግን ብዙውን ጊዜ በኖቬምበር 1 ወይም 15፥ ይኸውም በጥቅምት 22 ወይም በኅዳር 6 ቀን ገደማ ይዘጋና መልሱ በታኅሣሥ መጀመሪያ አካባቢ ይሰጣል።

ቀዳሚው ማመልከቻ ሁለት ዓይነት ስለ ሆነ፥ ልዩነቱን ያልተረዳ ሰው ሳያስበው ከባድ ውል ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው «ኧርሊ ዲሲዥን» የተባለው ሲሆን ይህ የሚያስር ነው። ተማሪው በዚህ መንገድ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ያመለክታል፤ ኮሌጁ ቢቀበለው እንደሚገባና በሌሎች ኮሌጆች ያሉትን ማመልከቻዎች ሁሉ እንደሚያነሣ ቃል ይሰጣል። በዚህም ቃል ላይ ተማሪው ብቻ ሳይሆን ወላጁና የትምህርት ቤቱ አማካሪ ጭምር ይፈርማሉ። ኮሎምቢያ፥ ኮርኔል፥ ብራውን፥ ዳርትመዝና የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሥርዓት ከሚሠሩት መካከል ናቸው።

ሁለተኛው «ኧርሊ አክሽን» የተባለው ነው፤ ይህ አያስርም። ተማሪው ቀድሞ አመልክቶ ቀድሞ መልስ ያገኛል እንጂ፥ ቢቀበሉትም እስከ ሚያዝያ ድረስ ሌሎችን አማርጦ መወሰን ይችላል። ሃርቫርድ፥ ዬል፥ ፕሪንስተንና ስታንፎርድ ይህን የማያስር መንገድ ይከተላሉ፤ ነገር ግን ተማሪው በዚያው ወቅት ለሌላ የግል ኮሌጅ በቀዳሚነት እንዳያመለክት አብዛኛውን ጊዜ ይከለክላሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለሁሉም አንድ ቀነ ገደብ ብቻ ስላለው፥ በእርሱ ዘንድ ይህ ጥያቄ ከቶ አይነሣም።

ኮሌጆቹ ስለ ምን የሚያስረውን መንገድ ወደዱት? ቢባል ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮሌጅ መቀመጫዎቹን ቆጥሮ መሙላት አለበት። በመደበኛው ጊዜ የተቀበለው ተማሪ ወደ ሌላ ሊሄድበት ይችላል፤ ቃሉን አስቀድሞ የሰጠው ግን ይመጣል። ስለዚህ አንዳንዶቹ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻቸውን ግማሽ ያህል በዚህ መንገድ ይሞላሉ። ክሪስቶፈር ኤቨሪ፥ አንድሩ ፌርባንክስና ሪቻርድ ዜክሃውዘር የተባሉ ሦስት ሰዎች በ2003 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፥ ቀድሞ ማመልከት የሚያስገኘው ጥቅም በኤስ ኤ ቲ ፈተና ላይ 100 ያህል ነጥብ ከመጨመር ጋር የሚተካከል መሆኑን አመልክተዋል። እንግዲህ ጥቅሙ የወሬ ብቻ አይደለም።

ነገር ግን ጥቅሙ በቁጥር ሲነገር ከእውነተኛው መጠኑ በላይ ገዝፎ እንደሚታይ ማስተዋል ይገባል። ለማስረዳት ያህል ብቻ፥ 1,000 ተማሪዎች ቀድመው አመለከቱ፤ ከእነዚህም 200ው ተቀባይነት አገኙ እንበል። ከመቶ 20 ማለት ነው። ዳሩ ግን ከተቀበሏቸው ውስጥ 100ው አሠልጣኝ አስቀድሞ የመረጣቸው ስፖርተኞች፥ ወይም ወላጆቻቸው በዚያው ኮሌጅ የተማሩ ልጆች ቢሆኑ፥ ለቀሩት 900 አመልካቾች የተረፈው መቀመጫ 100 ብቻ ነው። ይህም ከመቶ 11 ያህል መሆኑ ነው። እንግዲህ ስፖርተኛ ያልሆነና በኮሌጁ የተማረ ዘመድ የሌለው የእኛ ልጅ ራሱን መቁጠር የሚገባው ከኋለኞቹ ጋር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በግዥ ክፍል የሠራችሁ አንባቢዎች እንደምታውቁት፥ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲፈልግ ከልዩ ልዩ ነጋዴዎች የዋጋ ማቅረቢያ አሰባስቦ ያወዳድራል እንጂ፥ ከአንዱ ዘንድ ሄዶ «የጠየቅኸኝን እከፍላለሁ» ብሎ አይፈርምም። የሚያስረው ቀዳሚ ማመልከቻ ግን ይህንኑ የማወዳደር መብት አሳልፎ መስጠት ነው። በብዙዎቹ የግል ኮሌጆች የትምህርት፥ የመኝታና የምግብ ወጪ ተደምሮ በዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ ይደርሳል። አንዱ ኮሌጅ ከዚህ ላይ አብዛኛውን በእርዳታ ሲሸፍን ሌላው ግማሹን ብቻ ሊሸፍን ይችላል። በመደበኛው ጊዜ ያመለከተ ተማሪ እነዚህን ደብዳቤዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያስተያያል፤ ቃሉን የሰጠው ግን በእጁ ያለችው ደብዳቤ አንዲት ብቻ ናት።

እውነት ነው፥ እርዳታ የጠየቀ ተማሪ የተሰጠው እርዳታ ለመግባት የማያስችለው ቢሆን ከቃሉ ሊፈታ እንደሚችል በውሉ ላይ ተመልክቷል። ነገር ግን የቤተሰቡን ችግር በራሱ ስሌት የሚመዝነው ኮሌጁ ስለ ሆነ፥ ቤተሰቡ የሚያስበውና ኮሌጁ የሚያሰላው ሁልጊዜ አይገጥሙም። በአሜሪካ የሚኖሩ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ከመፈረማቸው በፊት የሚጠብቃቸውን ወጪ በግምት ማወቅ ይችላሉ፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሌጆቹ ይህን ማስያ በድረ ገጻቸው ላይ እንዲያቀርቡ በሕግ ተገደዋልና። ይህ ማስያ ግን በአብዛኛው ለአገሩ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ስለ ሆነ ከአዲስ አበባ ለሚያመለክት ብዙም አይረዳውም።

ከዚህ ለሚያመለክት ተማሪ ደግሞ ሌላ ብርቱ ጉዳይ አለ። ሃርቫርድ፥ ዬል፥ ፕሪንስተን፥ ኤም አይ ቲ፥ አምኸርስት፥ ከ2022 ዓ.ም. ወዲህም ዳርትመዝን የመሳሰሉ ጥቂቶች የውጭ አገር አመልካችን እርዳታ በመጠየቁ ምክንያት ወደ ኋላ አያደርጉትም። የቀሩት አብዛኞቹ ግን የገንዘብ ጥያቄውን ከውጤቱ ጋር አብረው ይመዝናሉ። አንዳንድ ወላጅ ይህን ሲሰማ «እርዳታ አልሻም ብለህ ግባ፥ በኋላ እንጠይቃለን» ብሎ ልጁን ይመክራል። ይህ ምክር ልጁን የሚጎዳ ነው፤ ብዙ ኮሌጆች በመግቢያው ጊዜ እርዳታ ያልጠየቀን የውጭ ተማሪ በኋላ አይረዱትምና።

ቀዳሚው መንገድ ዋጋ ማወዳደር ለማያሻው ባለጸጋ የበለጠ እንደሚመች ኮሌጆቹም ያውቁታል። በ2006 ዓ.ም. ሃርቫርድ ይህ አሠራር አስቀድሞ የተመቻቸውን ልጆች ይጠቅማል በማለት ቀዳሚውን ማመልከቻ እንደሚያስቀር አስታውቆ፥ ፕሪንስተንና የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲም ተከትለውት ነበር። በ2011 ዓ.ም. ሃርቫርድና ፕሪንስተን በሩን መልሰው ሲከፍቱ፥ ቀድሞ ያስር የነበረው ፕሪንስተን በዚህ ጊዜ የማያስር አድርጎታል።

ስለ ዝግጅትም አንድ ነገር እንጨምር። ተማሪያችን የ12ኛ ክፍል ትምህርቱን በመስከረም ስለሚጀምር፥ ጥቅምት 22 ቀን ሲደርስ ገና ጥቂት ሳምንታት መማሩ ነው። ቀድሞ ያመለከተው የሚመዘነው በዋናነት ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ባገኘው ውጤት ነው። ውጤቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየተሻሻለ የመጣ ልጅ በመደበኛው ጊዜ ቢያመለክት፥ የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት ሊረዳው ይችላል። የፈተና ውጤቱ፥ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤና የራሱ ጽሑፍ ሳይሟላ መሽቀዳደምም «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለውን መሆን ነው። በቀዳሚው ዙር ፈጽሞ የተጣለ ተማሪ በዚያው ዓመት ወደዚያው ኮሌጅ እንደገና ማመልከት አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድለትም። ጉዳዩ ወደ መደበኛው ዙር የተላለፈለት ግን ከሰጠው ቃል ነፃ ይሆናል። በታኅሣሥ ከሚመጣው መልስ እስከ መደበኛው ቀነ ገደብ የሚቀረው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ስለ ሆነ፥ ቀድሞ ያመለከተም ሌሎቹን ማመልከቻዎች አሰናድቶ መጠበቅ ይኖርበታል።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች፤ በሚያስረው ቅጽ ላይ የወላጅ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ሦስት ጥያቄዎችን መርምሩ። ይህ ኮሌጅ ልጁ ከሌሎች ሁሉ አስበልጦ በእውነት የሚወደው ነውን? የሚጠየቀውን ገንዘብ ከሌላ ጋር ሳናወዳድር ልንችለው እንችላለንን? የማመልከቻውስ ዝግጅት ከወዲሁ ተጠናቅቋልን? የሦስቱም መልስ አዎን ከሆነ ቀድሞ ማመልከት ይጠቅማል። ሁለተኛው ብቻ እንኳ ቢያጠራጥር፥ የማያስረውን ቀዳሚ መንገድ ወይም መደበኛውን ጊዜ መምረጥ ይገባል። ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና፥ ዕድልን በጥቂቱ ለማስፋት ሲባል የአራት ዓመት ዕዳ ሳይመክሩበት በልጅ ጫንቃ ላይ መጫን አይገባም።