ቁጥሮቹን ሳያይ የሚደረድር ፕሮግራም

አራት ቁጥሮች በአራት መስመሮች ይገባሉ እንበል። መጀመሪያ 1ኛው ከ2ኛው፣ 3ኛው ከ4ኛው ጋር ይነጻጸራል፤ ትንሹ ላይኛውን መስመር፣ ትልቁ ታችኛውን ይይዛል። ቀጥሎ 1ኛው ከ3ኛው፣ 2ኛው ከ4ኛው። በመጨረሻ መሐል ያሉት 2ኛውና 3ኛው። የገቡት ቁጥሮች ምንም ይሁኑ ምን በእነዚህ አምስት ንጽጽሮች ተደርድረው ይወጣሉ።

ይህ የመደርደሪያ መረብ ነው። እዚህ የአንዱ ንጽጽር ውጤት ቀጣዩ የት እንደሚደረግ አይወስንም፤ ተራው አስቀድሞ ተቆርጧል። ስለዚህ የማይነካኩ ንጽጽሮች በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ፤ ለቺፕና ለግራፊክስ ካርድ የሚስማማውም ለዚህ ነው።

የ16 መስመር መረብ በእጅ መሥራት አድካሚ ስለሆነ ፕሮግራም ቢያወጣው ይሻላል። ፕሮግራሙ ራሱ አንድም ቁጥር አይደረድርም፤ የሚያወጣው የጥንዶች ዝርዝር ነው። መንገዱን አሜሪካዊው ኬን ባቸር በ1968 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። መስመሮቹን ለሁለት ከፍለህ እያንዳንዱን ግማሽ ለብቻ ታስደረድራለህ፤ ከዚያ ታዋህዳቸዋለህ። ውበቱ ያለው ማዋሃዱ ላይ ነው፦ ጎዶሎ ቦታ ያሉትን ለብቻ፣ ሙሉ ቦታ ያሉትን ለብቻ አዋህደህ፣ በመጨረሻ 2ኛን ከ3ኛ፣ 4ኛን ከ5ኛ እያልክ ጎረቤቶችን ታነጻጽራለህ። መክፈሉም ማዋሃዱም ራሱን እየጠራ ስለሚሠራ ኮዱ ከጥቂት መስመሮች አያልፍም። ለ8 መስመር 19፣ ለ16 ደግሞ 63 ንጽጽር ያወጣል። የ16ቱን ግሪን የተባለ ተመራማሪ በ1969 ወደ 60 አውርዶታል።

ዝርዝሩ ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል? የ16 ቁጥሮች አሰላለፍ ከ20 ትሪሊዮን በላይ ስለሆነ ሁሉንም መሞከር አይታሰብም። ደግነቱ፣ 0 እና 1 ብቻ የያዙ ግቤቶችን ሁሉ በትክክል የሚደረድር መረብ ማንኛውንም ቁጥር ይደረድራል። መረቡ አንድ ትልቅ ቁጥር ከትንሽ አስቀድሞ ካወጣ፣ ከትልቁ የሚያንሱትን ሁሉ 0፣ የቀሩትን 1 ብታደርጋቸው ያው ስህተት ይታያል። ለ16 መስመር እንዲህ ያሉ ግቤቶች 65,536 ብቻ ናቸው፤ ተራ ላፕቶፕ በአፍታ ይጨርሳቸዋል። ለእኔ ከመረቡም በላይ የሚደንቀው ይህ ነው።

ኮዱን የሚጽፍ ሰው ይህን መፈተሻ አብሮ ይጻፍ፤ መፈተሻው ራሱ መሥራቱንም በአራቱ መስመር ይሞክር። የመጨረሻውን ንጽጽር አውጥቶ 0፣ 1፣ 0፣ 1 ቢያስገባ፣ ያው 0፣ 1፣ 0፣ 1 ሳይደረደር ይወጣል።