የአማተር ፊልም ሠሪዎች ማኅበራት አነሣሥና አወዳደቅ

«አማተር» የሚለው ቃል መሠረቱ ላቲን ሲሆን ትርጕሙ «ወዳድ» ማለት ነው። ወደ ቋንቋችን ከገባ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ «ጀማሪ» ወይም «ገና ያልሠለጠነ» ለማለት ስለምንናገረው የቀድሞው ፍች ተሸፍኗል። በዚህ ጽሑፍ ቃሉን የምናነሣው በቀድሞው ፍች ነው፤ ይኸውም እንጀራ ሳይበላበት ሥራውን ስለ ወደደው ብቻ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ተንቀሳቃሽ ሥዕልን በዚህ ዐይነት የወደዱ ሰዎች ማኅበር መሥርተው፥ ደንብ አውጥተው፥ መጽሔት አሳትመው ከቈዩ በኋላ በብዙ ስፍራ ተበትነዋል። ማኅበር እንዴት እንደሚጸናና እንዴት እንደሚፈታ ለሚመረምር ሰው ነገሩ ከጨዋታ በላይ ነው። (የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

የነገሩ መነሻ የፊልሙ ስፋት ነበር። ባለሙያዎች ይሠሩበት የነበረው የ35 ሚሊሜትር ፊልም በዚያን ዘመን ከናይትሬት የተሠራ ስለ ነበር እሳት ፈጥኖ ይይዘዋል፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነበርና ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባ አልነበረም። በ1922 የፈረንሳዩ ፓቴ የ9.5 ሚሊሜትር፥ በ1923 የአሜሪካው ኮዳክ የ16 ሚሊሜትር ፊልም በቶሎ በማይቀጣጠል አሲቴት ላይ ሠርተው አቀረቡ። የኮዳክ አዲስ ብልኀት ስፋቱ ብቻ አልነበረም፤ በካሜራው ውስጥ ያለፈው ፊልም ራሱ ታጥቦ ለማሳያ የሚሆን ሥዕል እንዲወጣው አድርጎ ሌላ ቅጂ የማተሙን ወጪ አስቀረ። ይሁን እንጂ ካሜራው ከማሳያው፥ ከባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያና ከመጋረጃው ጋር 335 ዶላር ያወጣ ስለ ነበር መጀመሪያ የገዙት ባለጸጎች ነበሩ። በ1932 የ8 ሚሊሜትር ፊልም ሲወጣ ግን መካከለኛ ኑሮ ያላቸውም ገቡበት። ይህ ፊልም ያው የ16 ሚሊሜትሩ ሲሆን፥ በአንዱ ጠርዝ በኩል ተነሥቶ ሲያልቅ ተገልብጦ በሁለተኛው ይነሣና፥ ከታጠበ በኋላ ከመካከሉ ይሰነጠቃል።

በ1926 በኒው ዮርክ የአማተር ሲኒማ ሊግ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት መሐንዲሱ ሂራም ፐርሲ ማክሲም ነበሩ፤ እኚህ ሰው በ1914 የአማተር ራዲዮኞችን ሊግ ከመሠረቱት አንዱ እንደ ነበሩ ማስታወስ ይጠቅማል። የራዲዮ ሰዎች መልእክት ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እንደሚቀባበሉ ሁሉ፥ ፊልምም ከክበብ ወደ ክበብ ይተላለፋል የሚለው ሐሳብ ከዚያው ልማድ የመጣ ይመስለናል። ሊጉ ወርኃዊ መጽሔት ያሳትም ነበር፤ አባል ፊልሙን ሲልክ አማካሪዎች ተመልክተው ጕድለቱን በጽሑፍ ይገልጹለት ነበር፤ ከ1930 ጀምሮም የዓመቱን ዐሥር ምርጥ ፊልሞች ይመርጥ ነበር። በእንግሊዝ አገር በ1932 የአማተር ሲኒማቶግራፈሮች ኢንስቲትዩት፥ በ1937 ደግሞ የብዙ አገሮችን ማኅበራት የሚያስተባብረው ዩኒካ ተቋቋሙ።

የእነዚህ ማኅበራት ሕይወት ያለው ግን ከሊጉ ጽሕፈት ቤት ይልቅ በየከተማው በሚደረገው ምሽት ነበር። አባላቱ በአንድ አዳራሽ ወይም በአባል ቤት ይሰበሰባሉ፤ መብራት ይጠፋል፤ አንዱ የሠራውን ያሳያል፤ ከዚያ መብራቱ ሲበራ ባልንጀሮቹ ፊት ለፊቱ ይተቹታል። ተቺው በሚቀጥለው ወር ተራው ደርሶ የራሱን ፊልም ማቅረቡ ስለማይቀር፥ ንግግሩ ከስድብም ከከንቱ ውዳሴም ይጠበቅ ነበር። የጽዋ ማኅበር ልማድ የሚያውቅ አንባቢ ተራ ሰውን እንዴት እንደሚያርም ያውቃልና ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። የፊልሙ ውድነትም ረድቷል። በ1965 የወጣው የሱፐር 8 ካሴት 50 ጫማ ፊልም ብቻ ይይዛል፤ ይህም በሴኮንድ 18 ሥዕል ሲነሣ 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ መሆኑ ነው። ስለዚህ አባሉ ካሜራውን ከመጫኑ በፊት ያስባል፥ ይጠይቃል። ጣዕማቸው ጠባብ እንደ ነበር ግን መካድ አይገባም፤ ብዙ ጊዜ የካሜራው አለመንቀጥቀጥ ከነገሩ ቁም ነገር ይበልጥ ይመሰገን ነበር።

ቢሆንም ከአማተሮች እጅ ታላላቅ ሥራዎች ወጥተዋል። በሳን ዲየጎ የሲድ ላቨረንትስ ፊልም፥ ራሱ ብቻውን ብዙ መሣሪያ ሲጫወት ያንኑ ፊልም ደጋግሞ በማንሣት በአንድ መጋረጃ ላይ የሚያሳየው የ1970ው ሥራ፥ በ2000 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ገብቷል።

ወደ አወዳደቁ ስንመለስ፥ ሊጉ የፈረሰው ቪዲዮ ከመምጣቱ አስቀድሞ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። በ1954 ከአሜሪካ የፎቶግራፍ ማኅበር ጋር ተቀላቅሎ ቀረ። ካሜራ ግን በዚያን ጊዜ ከቀድሞው ይበልጥ ይሸጥ ነበር። ልጁን በልደቱ ቀን ለማንሣት ብቻ ካሜራ የገዛ ሰው ተቺም መጽሔትም አያሻውም፤ ስለዚህ የካሜራ መብዛትና የማኅበር መብዛት አንድ አይደለም። በፖላንድ ምክንያቱ ሌላ ነበር። እዚያ ክበቦቹን የሚያቋቍመው፥ ካሜራና ፊልም የሚሰጠው ፋብሪካው ስለ ነበር፥ ከ1989 በኋላ የመንግሥት ፋብሪካዎች ሁኔታ ሲለወጥ ክበቦቹም ተዘጉ። ኪየሽሎቭስኪ በ1979 የሠራው «አማተር» የተባለው ፊልም ይህን የፋብሪካ ክበብ ከነጥቅሙና ከነአለቃው ያሳያል።

በ1975 ቤታማክስ፥ በ1976 ቪኤችኤስ፥ በ1983 ካሜራና መቅረጫው የተዋሐዱበት የሶኒ መሣሪያ ሲወጡ ድምፁና ሥዕሉ አብረው ተቀረጹ፤ ፊልም እስኪታጠብ መጠበቅም ቀረ። ብዙዎች ክበቦቹን ይህ ገደላቸው ይላሉ። እኛ ግን እንዲያውም ዕድሜ እንደ ጨመረላቸው እናምናለን። ቴፕ ከቴፕ ሲገለበጥ ሥዕሉ በየጊዜው እየደበዘዘ ስለሚሄድ፥ በሁለት መቅረጫ ቈርጦ መቀጠል ራሱን የቻለ ጥበብ ነበርና ከሚያውቅ ሰው መማር የግድ ነበር። ይህን አስፈላጊነት ያስወገዱት በ1995 የመጣው ዲጂታል ቴፕና በ1999 አፕል ከኮምፒዩተሩ ጋር ያቀረበው ፊልም መቀጠያ ናቸው። በ2005 ዩቲዩብ ሲመሠረት ተመልካች ለማግኘትም ማኅበር አላስፈለገም፤ በዓመቱ ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ሠሪው ከአዳራሽ ሰው እጅግ የሚበዛ ተመልካች አገኘ፤ ተራው ደርሶ የራሱን ሥራ የሚያቀርብ ተቺ ግን አጣ።

አሁን የሚያሳስበው የቅርሱ ነገር ነው። ክበብ ሲፈርስ ሣጥኖቹ የሚቀሩት በመጨረሻው ጸሐፊ ቤት ነው። የ1930ዎቹ ፊልም በደኅና ቦታ ከተቀመጠ ወደ ብርሃን ይዘው ቢያዩት እንኳ ሥዕሉ ይታያል፤ የ1990ዎቹ ቴፕ ግን ማጫወቻ ከሌለ ዲዳ ነው፤ የቪኤችኤስ መቅረጫ ይሠራ የነበረው የጃፓኑ ፉናይም በ2016 ሥራውን አቁሟል። ቤተ መዛግብት ሣጥኖቹን ሲረከቡ ብዙ ጊዜ ፊልሙን ወስደው ቃለ ጉባኤውንና የውድድር ነጥቡን ይተዋሉ። ይህ ስሕተት መሆኑን የዴቭ ታትሱኖ ሥራ ያስረዳል። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓናውያን አሜሪካውያን በታጐሩበት በዩታው የቶፓዝ ሰፈር ሳለ፥ ካሜራ ለእስረኞቹ የተከለከለ ሆኖ ሳለ፥ በድብቅ በ8 ሚሊሜትር አነሣ፤ ሥራው በ1996 በብሔራዊ መዝገብ ገባ። በመጋረጃው ላይ የሚታየው በረዶና ፈገግ የሚሉ ሰዎች ናቸው። ካሜራው የተደበቀ እንደ ነበር ያልተነገረው ተመልካች የአንድ ቤተ ሰብ የክረምት ዕረፍት ይመስለዋል።