የእናት ወገንም ይጠየቅ

በጋሞ ነባር እምነት፣ አንድ ቤት ውስጥ ሕመም ሲደጋገም ጥርጣሬው ቀድሞ የሚያርፈው በ«ጎሜ» ላይ ነው። ጎሜ ወግን መተላለፍ ነው፤ መተላለፉ የሚያመጣው መዘዝም በዚሁ ስም ይጠራል። ጥፋተኛው ቢሞት እንኳ ዳፋው ለልጆቹ ይተርፋል ተብሎ ይታሰባል። ከጨንቻ ደጋ እስከ ጫኖ የሙዝና የማንጎ ማሳ ድረስ ዛሬ አብዛኛው ሰው ክርስቲያን ስለሆነ ቃሉ እንደ ድሮው በየደጁ ላይነሳ ይችላል፤ ሐሳቡ ግን ስም ቀይሮ ይኖራል። «የዚያ ቤት ሰው በሆድ ሕመም ነው የሚያልቀው» የምትል አንዲት ወሬ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ለመመለስ ትበቃለች። ስለሚወረስ የደንዳኔ፣ ማለትም የትልቁ አንጀት፣ ካንሰር የዘር ምርመራ ለመጻፍ ተነስቼ ከዚህ የጀመርኩት፣ በምርመራው ላይ የሚነሳው ብርቱ ተቃውሞ ከዚሁ ስለሚመነጭ ነው፤ ሳይንሱ ለሐሜቱ ማኅተም ይመታለታል የሚል። እኔ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። በአግባቡ ከተሠራ ምርመራው ቤቱን ከጅምላ ፍርድ ያወጣዋል።

በቅድሚያ ልኩን እንወቅ። በሽታቸው ከታወቀ አንድ የተወረሰ የዘረ-መል ጉድለት የሚመነጭባቸው ከመቶ የደንዳኔ ካንሰር ሕሙማን አምስት ያህሉ ብቻ ናቸው። ከሚወረሱት ዓይነቶች በብዛት የሚታየው ሊንች ሲንድሮም ይባላል። ሕዋስ ሲባዛ ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ብራና ላይ እንዳጎነበሰ ቁም ጸሐፊ ይሳሳታል። ስህተቱን እየለቀሙ የሚያርሙ ፕሮቲኖች አሉ፤ የሚሠሩትም ኤምኤልኤች1፣ ኤምኤስኤች2፣ ኤምኤስኤች6 እና ፒኤምኤስ2 በተባሉ ዘረ-መሎች ትእዛዝ ነው። ከነዚህ አንዱን ተበላሽቶ የወረሰ ሰው የተረፈው ጤነኛ ቅጂ በአንጀቱ ሕዋስ ውስጥ ሲጠፋ አራሚ አልባ ይሆናል፤ ስህተት በስህተት ላይ ይከመራል። ኤምኤልኤች1 ወይም ኤምኤስኤች2 የተበላሸበት ሰው ክትትል ካላደረገ በዕድሜ ዘመኑ በደንዳኔ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ ጉድለቱ የፒኤምኤስ2 ሲሆን ግን በጣም ያነሰ ነው። በሴቶች ላይ የማሕፀን ግድግዳ ካንሰርም አብሮ ይመጣል። ኤፒሲ የተባለው ዘረ-መል ሲበላሽ የሚከሰተው ሌላው ዓይነት ደግሞ በጉርምስና ዕድሜ አንጀትን በመቶዎች በሚቆጠሩ ፖሊፖች፣ ማለትም በውስጥ ግድግዳው ላይ በሚበቅሉ እባጮች፣ ይሸፍናል፤ ይህኛው ካልታከመ ወደ ካንሰር መለወጡ አይቀርም ማለት ይቻላል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቁም ነገር ስሌቱ ነው። ጉድለቱ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚያስተላልፍበት ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ያልወረሰ ልጅ አያስተላልፍም፤ ነገሩ በእርሱ ላይ ያበቃል። ልጆቹም ነፃ ናቸው። ጎሜም ሆነ ሐሜት እንዲህ ያለ መለያ የላቸውም፤ አጎት በሞተበት በሽታ በወንድምም በእህትም በእህት ልጅም ላይ በአንድነት ይፈርዳሉ። እንግዲህ «ምርመራው ያስነውራል» የሚል ሰው፣ ቤተሰቡ ሳይመረመር በሰፈር አፍ አስቀድሞ ተመርምሮ ውጤቱ ለሁሉም መነገሩን ረስቷል። ነገር ግን ምርመራው ነፃ የሚያወጣው በቅደም ተከተል ሲሠራ ነው። መጀመሪያ የሚመረመረው ጤነኛው ሳይሆን የታመመው ነው። በታማሚው ላይ የትኛው ዘረ-መል በየትኛው ቦታ እንደተበላሸ ሲታወቅ፣ በዘመዶቹ ላይ የሚፈለገው ያ አንድ ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ ወጪውም ይቀንሳል፣ «የለብህም» የሚለው መልስም እውነተኛ ይሆናል። ይህ ሳይደረግ ለጤነኛ ሰው የሚሰጥ «ምንም አልተገኘም» ግን ብዙም አያስተማምንም፤ የቤተሰቡ ጉድለት ያልታየበት ቦታ ሊሆን ይችላልና።

ታማሚው እንዴት ይለያል? በመጠየቅ። እ.ኤ.አ. በ1895 አልድሬድ ዋርቲን የተባለ በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ሐኪም፣ ልብስ ሰፊዋ «እኔም እንደ ዘመዶቼ በካንሰር እሞታለሁ» ስትለው ሰማት፤ እንዳለችውም በማሕፀን ካንሰር ሞተች። እርሱ ዘመዶቿን መዝግቦ በ1913 አሳተመ፤ ከሊንች ዘረ-መሎች የመጀመሪያው የታወቀው ግን በ1993 ነው። ጥያቄው ከላቦራቶሪው በሰማንያ ዓመት ቀደመ ማለት ነው። በ1991 የወጣው የአምስተርዳም መስፈርትም በአጭሩ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ብሎ ይጠይቃል፤ ሦስት ሕሙማን ዘመዳሞች፣ ሁለት ተከታታይ ትውልድ፣ ቢያንስ አንዱ ከ50 ዓመት በታች። ጋሞ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ግማሽ መልስ በእጁ አለው። ጎሳ በአባት ይወረሳል፣ ከራስ ጎሳ አይጋባም፤ ስለዚህ የአባት ወገን ይታወቃል። ዘረ-መል ግን የጎሳ ሕግ አያውቅም። ከጫኖ ወደ ጨንቻ የተዳረች ልጅ ጉድለቱን ይዛ ሌላ ጎሳ ቤት ትገባለች፤ በማሕፀን ካንሰር ብትሞት ሞቷ በባሏ ቤት ይቆጠራል፣ ወንድሟ ጫኖ ላይ በአንጀት ካንሰር ሲሞት ሁለቱን ሞት የሚያገናኝ አይኖርም። የበሽታውም ስም ያሳስታል። ከፊንጢጣ የሚፈስ ደም ብዙ ጊዜ ኪንታሮት፣ ወይም አሜባ ይባልና በዚያው ያልፋል።

ገጠር ላይ ይህን መዝግቦ መያዝ አይቻልም የሚል ካለ ጫኖ ሚሌ የተባለችውን ቀበሌ ይመልከት። ለወባ ጥናት ተብሎ 8,121 ነዋሪዎቿ ለ101 ሳምንታት፣ በየሳምንቱ ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአካባቢው ልደትንና ሞትን የሚከታተል ጣቢያ አለው፤ የሟችን ቤተሰብ ጠይቆ የሞቱን ምክንያት የመለየት ዘዴም ይጠቀማል። በዚያ መጠይቅ ላይ የእናትን ወገን መጨመር ማሽን አይጠይቅም።

መገለሉን በተመለከተ ከጎረቤት ወላይታ የምንማረው አለ። በዚያ የተለመደው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ሰዎች «የዘር ነው» እያሉ ከጋብቻ የሚከለክሉበት በሽታ ነው። ተመራማሪዎች የዘረ-መል ጥናት ሊያደርጉ ሲሄዱ ቤተሰቦች የፈሩት ጥናቱ ይህንኑ ያጸናል ብለው ነበር፤ ፍርሃታቸውም ተራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት በእርግጥም የተጋላጭነት ዘረ-መል አገኘ። ነገር ግን በሽታውን የሚያመጣው ከቀይ አፈሩ ጋር የባዶ እግር መገናኘት ነው፤ ተጋላጭ ሆኖ የተወለደም ጫማ ካደረገ እግሩ አያብጥም። ዘር ዕጣ አይደለም የሚለውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ለደንዳኔ ካንሰር ጫማው ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም አንጀትን ከውስጥ በካሜራ ማየት፣ ነው፤ ፖሊፑን ካንሰር ሳይሆን አይቶ ይቆርጠዋል። ኤምኤልኤች1 ወይም ኤምኤስኤች2 የተበላሸበት ሰው ከ20 እስከ 25 ዓመቱ ጀምሮ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ እንዲታይ ይመከራል።

ይህ ለሀብታም አገር ብቻ የሚሠራ ነው? በደቡብ አፍሪካ ኖርዘርን ኬፕ፣ በረሃማና ሰፊ ገጠር ውስጥ፣ አንድ የኤምኤልኤች1 ጉድለት በብዙ ቤተሰቦች ተገኘ። ከኬፕታውን የሚነሳ ቡድን ኮሎኖስኮፑን ይዞ ወደ ገጠር ሆስፒታሎች ይሄድ ጀመር። ጉድለቱ ካለባቸው 178 ሰዎች ክትትሉን ከተቀበሉት 11 ከመቶ፣ ካልተቀበሉት ደግሞ 27 ከመቶ በደንዳኔ ካንሰር ተያዙ፤ በዚሁ ካንሰር የሞቱት በቅደም ተከተል 2 እና 12 ከመቶ ነበሩ። እርግጥ ሰዎቹ በዕጣ የተደለደሉ አይደሉም፤ ክትትል የሚቀበል ሰው በሌላውም ጥንቁቅ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ልዩነቱ በዚህ ብቻ የሚብራራ አይመስለኝም።

የገንዘቡ ተቃውሞ ግን ግማሽ እውነት አለው። ወባ፣ ቲቢና የወሊድ ሞት ባሉበት ለሁሉም ሰው ዘረ-መል ይነበብ ማለት ቀልድ ነው። የተጠየቀውም ይህ አይደለም። በቀዶ ሕክምና የወጣ ዕጢ በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ቀለም ተቀብቶ አራቱ አራሚ ፕሮቲኖች መኖር አለመኖራቸው ይታያል፤ ይህ ከዘረ-መል ንባብ በጣም የረከሰ ማጣሪያ ነው። ንባቡ ለጥቂቶች ይቀራል። ንባቡም ቢሆን የራሱ ሳንካ አለው፤ የዓለም መዛግብት በአብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ስለተሰበሰቡ፣ የኢትዮጵያዊ ውጤት «ትርጉሙ ያልተረጋገጠ ለውጥ» ተብሎ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ለዘመድ መመርመሪያ መዋል የለበትም። ኮሎኖስኮፒ በማይደረስበት ቦታም ጤነኛን ሰው መርምሮ «አለብህ» ብሎ መላክ ጭካኔ ነው፤ እዚህ ላይ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ምርመራው ከመሣሪያው ሊቀድም አይገባም።

ሚስጥሩስ? ጋሞ ጉዳዩን በዱቡሻ፣ በአደባባይ፣ ሁሉ እየሰማ መፍታት ያውቅበታል፤ ይህ ግን የዱቡሻ ጉዳይ አይደለም። ውጤቱ የተመረመረው ሰው ንብረት ነው፤ ለእህት ለወንድሙ መንገርም የእርሱ ፋንታ ነው፣ ሐኪሙ ያግዘው ይሆናል እንጂ አይተካውም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ታማሚው ምርመራው ሳይደርስለት ይሞታል። ያን ጊዜም ነገሩ አይዘጋም፤ ከዕጢው የተወሰደው ናሙና በሰም ተነክሮ ለዓመታት ሊቀመጥ ስለሚችል ከዚያው መመርመር ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የናሙናው ቁጥር የተጻፈበት የፓቶሎጂ ወረቀት ነው፤ ከቀብር በኋላ ከሟቹ ልብስና ከመድኃኒቱ ጋር የሚጣለው ያ ወረቀት።