9 ሞተር በአንዴ! የመኪና ቦዲ ሠራተኛው ሳተርን 5ን ከእርሻ ሜዳ ላይ እንዴት አስነሳው?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2009፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ። አንድ እርሻ ላይ ሕዝብ ተሰብስቧል። ሁሉም የሚያየው ወደ 11 ሜትር የሚረዝም፣ ወደ 750 ኪሎ የሚመዝን ሮኬት ነው። ባለቤቱ ናሳ እንዳይመስላችሁ። ስቲቭ ኢቭስ የሚባል የኦሃዮ ሰው ነው፤ ሙያው የመኪና ቦዲ ሥራ። ሰውን ወደ ጨረቃ የወሰደውን ሳተርን 5ን በ1/10 መጠን አሳንሶ ሠርቶት ነው።

ቆጠራው አለቀ። 9 ሞተሮች ተነሱ። ሮኬቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ወጥቶ በፓራሹት ተመለሰ።

ቪዲዮውን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ያን ሁሉ ክብደት በምን አነሳው?" ብሎ ነው። ሠሪዎቹን እንቅልፍ የሚነሳቸው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ "9ኙም እኩል ባይነሱስ?"

መጀመሪያ፣ ለምን ብዙ ሞተር?

ለመዝናኛ የሚሸጡ የሮኬት ሞተሮች በፊደል ይለያሉ፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያለ ይቀጥላል። ፊደሉ አንድ ባለፈ ቁጥር የሞተሩ አቅም ጣሪያ እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ "ሲ6-5" ቢል፣ "ሲ" ጠቅላላ አቅሙ ነው፤ 6 በአማካይ የሚገፋበት ኃይል በኒውተን ነው፤ 5 ደግሞ ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ ያለው ሰከንድ ነው።

ሮኬታችሁ ከበድ ካለ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ወይ አንድ ትልቅ ሞተር፣ ወይ ትንንሾቹን ጎን ለጎን መደርደር። ሁለተኛው "ክላስተር" ይባላል። ጣጣውም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

አንዱ ቢቀርስ?

አራት ሰው ሶፋ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ አስቡት። አንዱ ድንገት ቢለቅ ሶፋው ወደ እሱ በኩል ይጋደማል። ሮኬትም እንደዛው ነው።

በቁጥር እንየው። 300 ግራም የሚመዝን ሮኬት ክብደቱ 3 ኒውተን አካባቢ ነው። እያንዳንዳቸው 6 ኒውተን የሚገፉ 3 ሞተሮች ብትገጥሙለት 18 ኒውተን ታገኛላችሁ፤ የክብደቱ 6 እጥፍ ማለት ነው። ብዙ ሠሪዎች ቢያንስ 5 እጥፍ ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ አሪፍ ነው። አንዱ ሳይነሳ ቢቀር ግን 12 ኒውተን ብቻ ይቀራል፣ 4 እጥፍ። ከኃይሉ መቀነስ የሚብሰው ግፊቱ ከመሐል መውጣቱ ነው። ሮኬቱ ወዳልተነሳው ሞተር በኩል ያዘነብላል፤ ወደ ሰማይ መሄድ የነበረበት ነገር ወደ ሰው ሊሄድ ይችላል። ሞተሮቹ ተጠጋግተው ወደ መሐል የሚገጠሙት አንዱ ቢቀር እንኳ ማዘንበሉ እንዲቀንስ ነው።

የትልልቆቹም ራስ ምታት ይሄው ነበር። ሶቪየት ኅብረት ለጨረቃ የሠራችው ኤን1 ሮኬት ከታች 30 ሞተር ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1972 አራት ጊዜ ተተኮሰ፤ አራቱም ከሸፉ። በ2018 ደግሞ የስፔስኤክስ ፋልኮን ሄቪ 27 ሞተሮቹን አስነስቶ በመጀመሪያ ሙከራው ተሳካለት።

ታዲያ እንዴት እኩል ይነሳሉ?

እያንዳንዱ ሞተር ውስጥ ኢግናይተር የምትባል ቀጭን ሽቦ ትገባለች። ኤሌክትሪክ ሲደርሳት ግላ ነዳጁን ታቀጣጥላለች።

1. ሽቦዎቹ በተርታ አይቀጠሉም። በተርታ ከሆኑ መጀመሪያ የተቃጠለችው መስመሩን ትቆርጣለች፣ የቀሩት ኤሌክትሪክ አያገኙም። የድሮ የገና ዛፍ መብራት አንዷ አምፖል ስትቃጠል ሁሉም እንደሚጠፋው ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ለብቻዋ ከባትሪው ጋር ትገናኛለች።

2. ጠንካራ ባትሪ ያስፈልጋል። አንዷ 2 አምፔር ብትፈልግ ሦስቱ 6 ይፈልጋሉ። ብዙዎች ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው።

3. ሞተሮቹ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። የባሩድ ሞተር ቶሎ ይነሳል፤ ኮምፖዚት የሚባለው ግን ይዘገያል። ጀማሪ ሁለቱን ባይቀላቅል ይመረጣል።

4. በሞተሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ይደፈናል። አለበለዚያ ፓራሹቱን ገፍቶ ማውጣት ያለበት ጋዝ በኋላ በኩል ያመልጣል፣ ሮኬቱም እንደ ድንጋይ ይወርዳል።

ቁልፉ ተጭኖ ምንም ካልተነሳስ? ባትሪው ይነቀላል፣ ከዚያ 60 ሰከንድ ሙሉ ማንም አይጠጋም። ይህ የአሜሪካ የሞዴል ሮኬት ማኅበር የደህንነት ሕግ ነው።

አሁን ዋናው ነገር

"ሞተሩን እዚሁ ቤት ብንሠራውስ?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ክብሪት ፍቄ ቁልፍ ውስጥ እየጠቀጠቅሁ ግድግዳ ላይ አፈነዳ ነበር። ጣቶቼ የተረፉት በዕድል እንጂ በብልሃት አይደለም።

ፋብሪካ የሚሠራው ትንሹ የሮኬት ሞተር የመጣውም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች የራሳቸውን ነዳጅ ሲቀላቅሉ ይጎዱ ነበር፣ የሞቱም አሉ። ነብራስካ ውስጥ የጫማ ሱቅ የነበረው ኦርቪል ካርላይል፣ ልጆች ነዳጅ ሳይነኩ ገጥመው ብቻ የሚያስነሱት ሞተር ሠራ። ሀሪ ስታይን የተባለ መሐንዲስ ሐሳቡን ይዞ ወደ ገበያ አወጣው። ስለዚህ ባሩድ ቤት ውስጥ መቀላቀል ወደ ኋላ መመለስ ነው።

መጀመር ከፈለጋችሁ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ኦፕን ሮኬት የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ሶፍትዌር ነው፤ ክላስተርም ሳይቀር ነድፋችሁ ስክሪን ላይ ታበሩበታላችሁ። ሌላው የውሃ ሮኬት ነው፦ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሲሶው ድረስ ውሃ፣ የብስክሌት መንፊያ፣ ሰፊ ሜዳ። ከላዩ ላይ ሳትቆሙ ከርቀት ልቀቁት።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን አይደል? እዚህ ጨዋታ ላይ ዋናዋ ቃል "ቢያብር" የምትለዋ ናት።

ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጣሉልኝ፤ እሳት መነካካት ለሚወደው ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።