የእናቶቻችን ሥራም ታሪክ ነው፤ ጠይቀን እንጻፈው

ታሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ንጉሥና ጦርነት ነው። ማን ነገሠ፥ ማን ወጋ፥ ማን ተሸነፈ። ሽማግሌዎች የጎሣቸውን ሐረግ ሲቆጥሩም የሚጠሩት አባቶችን ነው፤ እገሌ እገሌን ወለደ እያሉ። ታዲያ ያ ሁሉ ጎሣ ያለ እናት ተወለደ? ያለ ቆጮስ አደገ?

ሩቅ ሳንሄድ ከጓሮአችን እንጀምር። በዱራሜ ዙሪያ፥ በከምባታም ሆነ በሀድያ፥ የቤት መሠረቱ እንሰት ነው። ወንዱ መሬቱን ይቆፍራል፥ ችግኙን እያዛወረ ይተክላል። ተክሉ ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ከተቆረጠ በኋላ ያለው ሥራ ግን የሴት ነው። ግንዱን እየገነጠለች በሳንቃ ላይ ታጋድማለች፥ በቀርከሃ መፋቂያ ትፍቃለች። ሥሩን ትከታትፋለች። የተፋቀውን ጨምቃ ቡላውን ትለያለች። የቀረውን የእንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ቀብራ እስኪብላላ ትጠብቃለች፤ በየጊዜው እያወጣች ታገላብጠዋለች። ደጋ ላይ ብርዱ ስለሚያዘገየው ቶሎ አይደርስም፤ ሞቃት አገር ግን ይፈጥናል። መድረሱን በሽታው ታውቃለች፥ በእጇም ዳስሳ ታውቃለች። ቃጫው እንኳ አይጣልም፤ ገመድ ይሆናል፥ ገበያ ይወጣል።

ይህን ዕውቀት ያስተማረ ትምህርት ቤት የለም። የትኛው የእንሰት ዓይነት ለቆጮ፥ የትኛው ተቀቅሎ ለሚበላው አሚቾ፥ የትኛው ለተሰበረ አጥንት እንደሚሆን እናት ለልጇ እየነገረች እዚህ ደረሰ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እንሰት የሚበላው አገር ከሌላው የተሻለ እንደተቋቋመ ብዙ ተብሏል። ግን “እንሰት አዳነን” ተባለ እንጂ እንሰቱን የፋቀችው እጅ አልተነሣችም። እንሰት እኮ ካልተፋቀ ሳር ነው!

ሁለተኛው ታሪክ ያለው በአፍ ነው። የከምባታ ሴት ስታገባ የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ማንኛውንም ሌላ ቃል አትናገርም ነበር። በአማርኛ እናስመስለው፤ የአማቷ ስም በቀለ ቢሆን፥ በሬ፥ በቆሎ፥ በርበሬ ማለት ይቀራል። በ“በ” የሚጀምር ቃል ከአፏ ይወጣል ማለት ነው። ለበሬው ሌላ ቃል፥ ለበቆሎው ሌላ ቃል ትፈልጋለች፤ ሴቶቹ ለዚህ ብለው ያዘጋጁት የምትክ ቃል ነበራቸው። ባሊሻ ይባላል። ኢቮን ትራይስ የምትባል ጀርመናዊት የቋንቋ ተመራማሪ በ1990ዎቹ የከምባታን ሴቶች ጠይቃ ይህን በሰፊው ጽፋለች። ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን አጠገባችን ያሉትን አያቶች ለመጠየቅ እንግዳ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብን? ዛሬ ባሊሻ የሚናገሩት በዕድሜ የገፉት ናቸው። እነሱ ሲያልፉ ቃሎቹም አብረው ይቀበራሉ።

የሴቶች ታሪክ ግን ሙያና ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ሕመምም አለበት። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ የዚሁ የከምባታ ልጅ ነበሩ። በልጅነታቸው ውኃ ልቀዳ ብለው ከቤት እየወጡ ፊደል ቆጠሩ። እንደ ሌሎቹ ልጃገረዶች ተገርዘዋል፤ እህታቸውም በወሊድ ሞተውባቸዋል። በእስራኤልና በአሜሪካ ከተማሩ በኋላ ተመልሰው፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር ከምባቲ መንቲ ገዚማ የተባለውን የሴቶች ድርጅት መሠረቱ። ሥራው ዱራሜን ማዕከል አድርጎ ተስፋፋ። ወንድም ሴትም፥ ሽማግሌም ወጣትም አንድ ላይ ተቀምጠው እንዲነጋገሩ ተደረገ። ሴቶች በየጓዳቸው ደብቀውት የኖሩትን፥ ደም የፈሰሳቸውን፥ በምጥ የተሰቃዩትን በአደባባይ ተናገሩ። አባቶችም ሰሙ። ሁሉም ልጃገረድ ይገረዝበት በነበረው አገር ድርጊቱ በዐሥር ዓመት ገደማ ከመቶ ሦስት በታች እንደወረደ ተዘግቧል። ዶክተር ቦጋለች በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አረፉ። እንግዲህ የሴቶችን ኑሮ ጠይቆ ለሌላው ማሰማት ለወሬ ያህል አለመሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል።

ታዲያ ማንበብና መጻፍ የቻልን ሰዎች ሥራውን እንዴት እንጀምር?

ጠያቂዋ ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ ባልና አማች በተቀመጡበት እናት ሁሉን አትናገርም። “ታሪክዎን ይንገሩኝ” ብሎ መጀመር ደግሞ አይጠቅምም። “እኔ ምን ታሪክ አለኝ ልጄ” ይሉና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ዕቃ ይዞ መጀመር ይሻላል። “እማማ፥ ይህን መፋቂያ ማን ሰጠዎት? ስንት ሆናችሁ ትፍቁ ነበር? ቅቤ ስታጠራቅሙ ተራው እንዴት ነበር?” ሲባሉ ወሬው ራሱ ይመጣል። ሴት የምትዳረው ወደ ሌላ ጎሣ ስለሆነ የተወለዱበትን መንደርም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የእዚያ ልማድ የተለየ ሊሆን ይችላል።

ዓመተ ምሕረት አላስታውስም ቢሉ አያስቸግርም። መሬት በ1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ስንት ልጅ ነበረዎት? በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ቆጥረው ነበር? ያ ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን ከምባትኛና ሀድይኛም ነበሩበት፤ የተማሩ እናቶች ደብተራቸውን አስቀምጠው ይሆናል። የሚናገሩትንም በሚናገሩበት ቋንቋ፥ ሳናሳምር እንጻፈው።

ሸክላ የሚሠሩትን እናቶች አንለፋቸው። ቆጮው የሚጋገርበትን ምጣድ፥ ቡናው የሚፈላበትን ጀበና የሠሩ እነሱ ሆነው ሳለ፥ ብዙ ሰው ግን አብሯቸው አይበላም፥ አይጋባምም ነበር። የእነሱ ቤት ሳይጠየቅ የአገሩ ሴቶች ታሪክ ተጻፈ ማለት ውሸት ነው።

የተጻፈው ለሌላ ከመነበቡ በፊት ለተናጋሪዋ ይነበብላቸው። “ይህን ተዉት” ያሉት ይሰረዛል። የፈቀዱት በዕድር ላይ፥ በትምህርት ቤት፥ በቡና ሰዓት ይነበብ፤ አንድ ግልባጭም ለልጆቻቸው ይሰጥ። በብዕር ይጻፍ። ደብተሩም ከምድጃ ጭስ ርቆ ይቀመጥ።